ፍሪጄ ውስጥ የነበረው ቅባት

እናቴ አንጋጫ ትኖር በነበረ ጊዜ እሳት ያቃጠለው ሰው ሁሉ ወደ እሷ ይመጣ ነበር። ከቤታችን ጀርባ፣ እንሰቱ ሥር የሚበቅል አንድ ቅጠል ነበራት። ያንን ከሌላ ምንም ከማይሠራ ቅጠል ጋር ወቅጣ ጭማቂውን ትሰጣለች። ሌላውን የምትጨምረው ሰው አይቶ እንዳይለየው ነው። ሁለት ደንብ ነበራት፤ የቅጠሉ ስም አይነገርም፣ ደጇ ቆሞ የለመነም አይመለስም። ለማኝን የመለሰ ሰው መድኃኒቱ ከእጁ ይርቃል ትል ነበር። ቅጠሉም ደንቡም ለእኔ ደረሰ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ሆሳዕና ውስጥ በጸሐፊነት ስሠራ፣ ጡረታም ከወጣሁ በኋላ፣ ለቃጠሎ ብሎ ደጄ የመጣን ሰው መልሼ አላውቅም።

የመጀመሪያውን ደንብ ያፈረስኩት ለእህቴ ልጅ ስል ነው። ፋርማሲ ተምራ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች። ቅጠሉን ሳይወቀጥ፣ ብቻውን፣ ከነአበባው ፈለገችው። ጥቂት ቀን አሰብኩና ሰጠኋት። ከእኔ ጋር እንዲቀበር አልፈለግሁም።

እሷ ቅጠሉን አድርቃ ትፈጨዋለች፣ ውስጡ ያለውን በአልኮል ታወጣዋለች፣ ከዚያ ዓይን ቀርቶ ተራ ማይክሮስኮፕ በማያየው ቅንጣት ውስጥ ታስገባዋለች። ናኖ ይሉታል። መጨረሻ ላይ የሚቀባ ጄል ይሆናል። እኔ ከዚያው ቅጠል ከሆነ ምን ምርመራ ያስፈልገዋል ብዬ ጠይቄያት ነበር።

«አክስቴ፣ ያንቺ ጭማቂ ላይ ላዩን ነው የሚቀረው» አለችኝ። «ይሄ ግን እንዲገባ ሆኖ ነው የተሠራው። ገብቶ የት እንደሚደርስ፣ ምን እንደሚያደርግ ገና አላወቅሁም።»

ስለዚህ መጀመሪያ በጥንቸሎች ቆዳ ላይ ትሞክረው ነበር። እሷ የምትሠራበት በኩል መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋል። የእኛ ሰፈር ከሆስፒታሉ ጋር አንድ መስመር ላይ ስለሆነ ይሻላል። በዚህ ምክንያት ቅዝቃዜ የሚፈልገው ጄል እኔ ፍሪጅ ውስጥ፣ ከቅቤና ከቡላ አጠገብ፣ በተዘጋ ዕቃ ተቀመጠ።

ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤቴ ሱቅ አላት። ባሏ የስኳር ሕመምተኛ ነው። አዲስ ጫማ እግሩን ልጦት ቁስሉ ወደ ውስጥ እየገባ ሄደ። ሐኪም ተኛ ቢለው ሊቆርጡኝ ነው ብሎ ቤቱ ተመለሰ። የጄሉን ወሬ ሲሰሙ ደግሞ ተስፋቸውን ሁሉ እሱ ላይ ጣሉ። አንድ ጠዋት ሴትየዋ ደጄ መጣች።

«እትዬ፣ ከዚያ ከፍሪጅሽ ትንሽ ስጪኝ።»

«ገና አልተመረመረም።»

«ልጄን የፈላ ውኃ ሲያቃጥለው ጨምቀሽ ስትቀቢው ማን መርምሮልሽ ነበር?»

«ያ ቅጠሉ ነው። ይሄ ሌላ ነው።»

«ከዚያው ቅጠል አይደል እንዴ የተሠራው?»

«ነው። ግን ወደ ውስጥ ይገባል። ገብቶ የሚያደርገውን ልጅቷ ራሷ አታውቅም።»

«ለጥንቸል ያልተነፈገ ለሰው ተነፈገ በይኛ!» ወገቧን ይዛ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «በስተርጅና ዩኒቨርሲቲ ገባሽ? እንኳን ደስ ያለሽ። ጋዋኑን መቼ ነው የምትለብሺው?»

ሳቄ ሊመጣ ነበር። እሷ ግን ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«እናትሽ ደጇ የመጣ ሰው አትመልስም ነበር። ራስሽ ነሽ የነገርሽኝ። እኔን ልትመልሺኝ ነው?»

እናቴ የምትሰጠውን ነገር ታውቀው ነበር። በራሷ ክንድ ላይ፣ በልጆቿ እጅ ላይ አይታዋለች። እኔ ፍሪጄ ውስጥ ያለውን አላውቀውም።

«አዎ፣ እመልስሻለሁ» አልኳት። «ነጠላዬን ላንሳና እሱ ጋ እንሂድ።»

ሰውየው ከሱቁ ጀርባ እግሩን የለስላሳ ሳጥን ላይ ሰቅሎ ተቀምጧል። ሽታው ከበሩ ተቀበለን።

«አመጣሽልኝ?» አለ።

«አላመጣሁም። ነገም አልሰጥህም። እሱን ስትጠብቅ እግርህ እየሄደ ነው። ተነስ፣ ሆስፒታል እንሂድ።»

«ይቆርጡኛል እኮ፣ እትዬ።»

«ይቆርጡህ ይሆናል። የሚያደርጉትን ግን አውቀው ነው የሚያደርጉት።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ቆሜ ጠበቅሁ። ሚስቱም ቆመች። በመጨረሻ እኔን ሳያይ «ባጃጅ ጥሪ» አላት።

ሁለት ጣት ቆረጡለት፤ እግሩ ተረፈ። ሚስቱ ግን ጣቶቹን እኔ የቆረጥኳቸው ይመስል ለብዙ ጊዜ ሰላምታ ነሳችኝ። እኔም ወደ ሱቋ መሄዴን አልተውኩም።

ክረምቱ ሲወጣ የእህቴ ልጅ መጥታ ዕቃውን ከፍሪጅ አወጣች። በጥንቸሎቹ ደህና ቆዳ ላይ ጄሉ ምንም አላመጣም። የቆሰለው ቆዳ ግን ሲቀባ ቀልቶ አበጠ። በዚያው ዓይነት ቁስል ላይ ጭማቂው ብቻ ሲቀባ እንዲህ አልሆነም።

«ልተወው መሰለኝ» አለች፣ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች።

«ምኑን ነው የምትተይው? መጠኑን ቀንሰሽ እንደገና ጀምሪ። ቅዳሜ አንጋጫ ሄጄ ቅጠሉን አመጣልሻለሁ።»

ወሬው ጎረቤቴ ጋ ደረሰ። ስኳር ልገዛ ስገባ ሚዛኑን እየጠረገች ጠየቀችኝ።

«ጥንቸሎቹ አበጡ የሚሉት እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ያን ቀን ታውቂ ነበር?»

«አላውቅም ነበር። ስላላወቅሁ ነው የከለከልኩሽ።»

መጥረጊያውን አስቀመጠች። ወደ ጓዳው ዞራ «ሰማህ?» አለች።

«ሰማሁ» አለ ባሏ ከውስጥ። «እትዬ፣ እስቲ ግቢና ይሄን ፋሻ እዪልኝ። ሚስቴ ሌባ እንደያዘ ሰው ነው ጠፍንጋ ያሰረችኝ።»

ገብቼ ፈታሁለት።