ለሬዲዮኑ ልጅ የተሳለው ሙክት

የሬዲዮን ድንጋይ ፀሐይ ላይ ሲውል የሚያወጣው ሽታ አለ፤ ዝገት ነው እንዳይሉት ዝገት አይደለም፣ ከሰል ነው እንዳይሉት ከሰል አይደለም፣ አፍንጫን አልፎ ምላስ ላይ የሚቀመጥ ነገር ነው። ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ እዚህ አማኑኤል ከተማ፣ ቤቴ ደጅ፣ የደከሙትን ባትሪዎች ግንቡ አናት ላይ ደርድሬ ሳሞቃቸው ያ ሽታ መጣ። መብራት የለም። ስልኩም ከዓርብ ማታ ጀምሮ ኔትወርክ አልነበረውም። ቁምሳጥኑ ላይ አቧራ ለብሶ የኖረውን አሮጌ ሬዲዮን ያወረድኩት ወሬ ፍለጋ ነው። ልጄ ሰላም ከምትሠራበት ከአዲስ አበባ ወደ እኔ እየመጣች መንገድ ላይ ነበረች። ዓርብ ደውላ «እማዬ፣ ሉማሜ ገብተናል፣ ሻይ እየጠጣን ነው፣ መንገዱ ተዘግቷል ይላሉ፣ አንቺ ብቻ እንዳትጨነቂ» አለችኝ፤ ከዚያ ወዲያ ድምጿ ጠፋ። በደህናው ጊዜ ሉማሜ ቁርሱን የበላ ሰው ለምሳ አማኑኤል ይደርሳል። እንዳትጨነቂ የሚባለው ደግሞ የሚያስጨንቅ ነገር ሲኖር ነው፤ ይህን ለማወቅ ከሦስተኛ ክፍል በላይ መማር አያስፈልግም፣ እኔም ከዚያ በላይ አልተማርኩም።

ባትሪዎቹ ሞቅ ሲሉ ከትቼ ከፈትኩት። ዘፈን ነው። ጠበቅኩ፣ ሌላ ዘፈን። ጋዜጠኛው የቅዳሜና የእሁድ ዝግጅታችን ነው፣ ሙዚቃ አለ፣ ግጥም አለ፣ ነገ ደግሞ ድራማ ይዘን እንመጣለን እያለ ደስ ብሎት ያወራል። እኔ የምፈልገው መንገዱ ተከፈተ የሚል አንድ ቃል ነው። ቁጭ እላለሁ፣ እነሳለሁ፣ የአጥሩን በር ከፍቼ አስፓልቱን ወደ ደብረ ማርቆስ በኩል አያለሁ፣ ዘፈኑ አልቆ ወሬ የጀመሩ ይመስለኝና ሮጬ እመለሳለሁ፣ ደግሞ ሌላ ዘፈን። በዚህ መሀል ነው እናቴን በራሴ ውስጥ ያየኋት። መልኳን አይደለም፣ አኳኋኗን፤ እንዲህ በሬዲዮኑና በደጃፉ መሀል ስትመላለስ የኖረች ሴት ነበረች፣ እኔም ልጅ ሆኜ ምን ሆና ነው እያልኩ እስቅባት ነበር።

ያደግኩት ከዚህ ወጣ ብላ ባለች መንደር ነው። በመንደሩ ሬዲዮን ያለው የእኛ ቤት ብቻ ነበር። አባቴ አንድ ዓመት ጤፉ ሲያምርለት ከማርቆስ ገዝቶ በበቅሎ አመጣው፤ እናቴም ዳርና ዳሩን አበባ የጠለፈችበት ልብስ ሠራችለት፣ መደቡ ላይ ሲቀመጥ ሙሽራ ይመስል ነበር። ታዲያ ድንጋይ የሚገኘው ማርቆስ ብቻ ነው፤ አባቴም «ይሄ እቃ እኮ ከበሬ ይብሳል፣ በሬስ ሣር ይበላል» እያለ ያማርር ነበር። ኋላ መንደሩ ተመካክሮ ደንብ አወጣ፤ ማድመጥ የሚፈልግ ቤት ተራውን ጠብቆ ድንጋይ ያመጣል። ስለዚህ ሬዲዮኑ የእኛ ቢሆንም ድምፁ የሁሉም ነበር። ተራው ደርሶ የደከመ ድንጋይ ያመጣ ሰው ወዮለት። «የአያ ታረቀኝ ድንጋይ ዘፋኙን ጉንፋን አስያዘው!» ይባላል፤ አያ ታረቀኝም ጎረቤታችን፣ ሽሙጥ የማያልቅበት ሰው፣ «ምን ላድርግ፣ ቤቴ ሁሉም ነገር ደክሞታል፣ እኔንም ጭምር» ብሎ ያስቃል። እውነትም ድንጋዩ ሲደክም ድምፁ እየሰለለ እየሰለለ ይሄዳል፣ ሰዉም አንገቱን እያሰገገ እያሰገገ ይጠጋል፣ በመጨረሻ የሁሉም ራስ ሬዲዮኑ ላይ ጎጆ ይሠራል። እኔ በጉልበትና በነጠላ መሀል ሾልኬ ከራሶቹ ሥር እገባለሁ፤ የቅቤው፣ የላቡ፣ ከቅዳሴ የመጣው የልብስ ሽታ፣ መሀሉ ላይ ደግሞ ከቀጭን ቀዳዳ የምትወጣ የሩቅ ሰው ድምፅ።

ቅዳሜ የዘፈን ምርጫ ነበር። ዘፈኑ ከመለቀቁ በፊት እገሌ ካለበት ለእናቱ፣ ለአባቱ፣ ለጎረቤቱ እየተባለ ስም ይነበባል። አባቴ ቅዳሜን መዝጋት ይፈልጋል፣ ድንጋዩ ለእሁዱ ድራማ እንዲተርፍ። እናቴ እሺ አትልም። የመጀመሪያ ልጇ፣ ወንድሜ ዘለቀ፣ ለውትድርና ተወስዶ ከሄደ ወዲህ ደብዳቤም ሰላምታም አልመጣም፤ የወታደር ስም ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ይነበባል። ስሞቹ ሲጀምሩ ሥራዋን ጥላ ትቆማለች፣ ሲያልቁ ወደ ደጃፉ ትወጣለች፣ ሌላ ዙር ሲመጣ ትመለሳለች። አንድ ቀን ዘለቀ የሚል ስም መጣ። የአባቱ ስም ሲነበብ ግን የሌላ ሰው ልጅ ሆነ። አባቴ ሊዘጋው እጁን ሲሰድ እናቴ ያዘችው። «ተው። ይሄም እናት አለችው፤ እሷ ሬዲዮን ባይኖራትስ? እኛ እንስማላት እንጂ» አለች፣ ዘፈኑንም እስከ መጨረሻው ቆማ ሰማችው።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ድራማው ይመጣል። በዚያ ዘመን እየተከታተለ የሚቀርብ አንድ ድራማ ነበር፤ አንድ ልጅ ሰሊጥ አጨዳ ብሎ ቆላ ወርዶ ይቀራል፣ እናቱ በመጣ በሄደ መኪና ትጠይቃለች። እናቴ ያኔ ስታለቅስ አይጣል ነው። የድራማዋ እናት ገና «ልጄን ያያችሁ» ማለት ስትጀምር የእናቴ ነጠላ ዓይኗ ላይ ነው፣ ቀስ ብሎም ሌሎቹ ሴቶች፣ ቀስ ብሎም ወንዶቹ ጉሮሯቸውን እየጠረጉ። የንስሐ አባታችን ሳይቀሩ መስቀላቸውን እያገላበጡ ግድግዳ ግድግዳውን ያያሉ። ድራማው ሲያልቅ ሁሉም ፊቱን ጠርጎ፣ ቀልሎት፣ የሚቀጥለውን እሁድ ድንጋይ ማን እንደሚያመጣ ተጠያይቆ ይበተናል። እናቴም ሳምንቱን ሙሉ አታለቅስም። የዘለቀን ስም ጠርቶ እንባ ማውጣት በቤታችን ክልክል ነበር፤ በሕይወት ላለ ሰው ማልቀስ ሟርት ነው፣ ሞት ይጠራበታል። ይህን ሁሉም ያውቃል። ታዲያ ለሬዲዮን ልጅ ማልቀስን ማን ይከለክላል?

አንድ እሁድ ነገሩ ባሰ። በድራማው ቆላ የሄዱት ሁሉ ሲመለሱ የሴትዮዋ ልጅ ብቻ ቀረ። እናቴ ብድግ አለች፣ እጇን ወደ ጣሪያው ዘረጋች፤ «እመቤቴ ማርያም፣ ይህን ልጅ ለእናቱ መልሺላትና ሙክቱን ለደጅሽ!» አለች።

ቤት ሙሉ ሰው ሰማ። አባቴ ለፋሲካ የቀለበውን ሙክት ነው የምትለው።

«የቱን ሙክት?» አለ አባቴ።

«ስንት ሙክት አለንና ነው የቱን የምትለኝ?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ልጁ እኮ የለም!»

«የለም? ታዲያ አንተ ባለፈው እሁድ ለማን ነው ንፍጥህን ስትጠርግ የነበርከው?»

አያ ታረቀኝ ከጥግ ሆኖ «አይዞህ፣ ላይመጣም ይችላል፤ ድራማ መቼም ሰው ማስቀረት ይወዳል» ብሎ አጽናናው። ከዚያ ወዲያ አባቴ በሰው ፊት ልጁ እንዲመለስ፣ በሆዱ ግን እንዲቀር እየተመኘ የሚያደምጥ ሰው ሆነ፤ እኔ ከራሶቹ ሥር ሆኜ ፊቱን ሳይ ይታወቀኝ ነበር። ልጁ መጣ። ሬዲዮኑ ውስጥ በር ተንኳኳ፣ የእኛ ውሻ ከውጭ ጮኸ፣ የድራማዋ እናት ስሙን ስትጠራ የቤታችን ሴቶች እልልታውን አቀለጡት። አባቴ ብቻውን በመስኮት ሙክቱን ያያል።

በማግስቱ ወደ ንስሐ አባታችን ሄደ፣ እኔን አስከትሎ። «አባ፣ እርስዎም እሁድ እሁድ እኛ ቤት ነዎት፣ ነገሩን ያውቁታል። አዲስ አበባ ቁጭ ብለው ነው የሚያወሩት፤ የሄደ የለ፣ የመጣ የለ። ስለቱ ይያዛል?»

አባ መስቀላቸውን አገላበጡ። «እነሱ ድራማ ሠርተዋል፣ እውነትህን ነው» አሉት። «ሚስትህ ግን ስትሳል ድራማ አልሠራችም። ሙክቱን አምጣው።»

በማርያም ቀን ሙክቱ ታረደ፣ ደጀ ሰላሙ ላይ ሰዉ በላ። አያ ታረቀኝ አጥንቱን እየጋጠ «ምነው ታዲያ ባለ ጉዳዩ ልጅ አልተጠራም?» ሲል አባቴ ራሱ ሳይወድ በግዱ ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም። የዚያን ቀን ፊቷ ላይ የነበረውን ነገር ብዙ ዘመን ኩራት ይመስለኝ ነበር። የሰውን ልጅ የመለሰች ማርያም የእሷንም የማትረሳ መስሏት እንደነበር የገባኝ ራሴ ወልጄ ነው።

የዘለቀ መርዶ በሚቀጥለው ክረምት መጣ። ገና ሳይነጋ ሽማግሌዎቹን በሩ ላይ ቆመው ስናይ ማንም የነገረን ሳይኖር አወቅን። እናቴ ስትጮህ ሴቶቹ ይዘው ዝም ሊያሰኟት ሞከሩ፣ ተይ አንቺ ሴት፣ እግዜርን አታስቀይሚ አሏት። እሷም «ተዉኝ፣ አሁን እንኳ ለራሴ ልጅ ላልቅስ» አለቻቸው። ከዚያ ማንም አልያዛትም። ሬዲዮኑ የጥልፍ ልብሱን እንደለበሰ ሐዘኑ እስኪወጣ ተዘጋ፤ በሐዘን ቤት ዘፈን አይከፈትምና። ሲከፈት ያ ድራማ አልቆ ሌላ ተጀምሯል። አባቴ እስኪሞት ድረስ ሙክቱን በአፉ አንስቶት አያውቅም።

ባለፈው እሁድ ይህን ሁሉ እያሰብኩ የአሁኑን ድራማ ከፍቼ ቁጭ አልኩ። ብቻዬን። ጎረቤቴ እትዬ ዝናሽ በአጥሩ በኩል አንገቷን ብቅ አድርጋ «ስለ መንገዱ ምን ይላል?» አለችኝ።

«ድራማ ነው» አልኳት።

«ስለ ምን?»

ከመጀመሪያው ጀምሮ ከፊቱ ቁጭ ብዬ አንድ ቃል አልሰማሁም። እትዬ ዝናሽም መልስ አልጠበቀችም፣ የእሷም ልጅ ሾፌር ነው፣ ወደ ደጇ ተመለሰች። ግቢ ብያት ቢሆን ምን ነበረበት? እሷም እኔም የየራሳችንን አጥር ይዘን አስፓልቱን ስናይ ዋልን። ሬዲዮኑ ውስጥ ሰዎች ይስቃሉ፣ የሚያስቅ ድራማ ነበር መሰለኝ። እንባዬ ደረቴ ላይ እንደ ድንጋይ ተቀምጧል። ለልጄ ለሰላም እንዳላለቅስ ሟርት ነው፤ ለሌላ እንዳላለቅስ የማለቅስለት ሰው በሬዲዮኑ የለ፣ አብሮኝ የሚያለቅስም በቤቱ የለ።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሰላም ደረሰች። ከማርቆስ ወዲህ ግማሹን በባጃጅ፣ ግማሹን በእግሯ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ። በሩ ላይ ሳያት አላለቀስኩም፤ ያ ሁሉ የተጠራቀመ እንባ መውጫውን ረስቶ ቀረ። «እማዬ፣ ምነው ክስት አልሽ?» ብላ እሷ ልታጽናናኝ ሆነ። ሉማሜ የማታውቀው ሰው አሳድሯት፣ መንገዱ ሲከፈት መነሳታቸውን እየጎረሰች ነገረችኝ። የመጣችው ለጥቂት ቀን ነው። ሐሙስ ትመለሳለች፣ ሥራ አለብኝ ትላለች፣ በዚያው መንገድ።

ይህን ስጽፍ ከጎኔ ጋደም ብላለች። ስልኳ ላይ ጭና የመጣችው ተከታታይ ድራማ አለ፤ በቀረቻት ትንሽ ቻርጅ እሱን ታደምጣለች፣ ከሁለት ጆሮዋ ቀጭን ገመድ ወጥቶ። እኔ ምንም አልሰማም። ፊቷን ብቻ አያለሁ፤ ፈገግ ትላለች፣ ትኮሳተራለች፣ አንድ ጊዜ ዓይኗን ጠረገች። ጠጋ አልኩና ምንድን ነው አልኳት። «ምንም አይደል እማዬ፣ ድራማ ነው» ብላ ወደ ግድግዳው ዞረች። በዚያ ገመድ ውስጥ ልጇ የቀረባት እናት ብትኖር እንኳ የምትሰማት የእኔ ልጅ ብቻ ናት።

እናቴ ያጣችው እኔ ካጣሁት ይበልጣል፤ እግዜር ይመስገን፣ ልጄ ከጎኔ አለች። ግን እሷ በሬዲዮኑ የምታለቅስላት እናት ነበረቻት፣ አብሮ የሚያለቅስ መንደር ነበራት፣ እንባዋም ቀን ነበረው። ሐሙስ ሰላምን መኪና ላይ አሳፍሬ ወደዚህ ቤት ስመለስ፣ እኔ የማለቅስለትን የሰው ልጅ ከየት ነው የማመጣው?