ለድስት ነው ለሞተር?

የአጎቴን አርባ አውጥተን ሳምንት አልሞላንም። ሸዋ ሮቢት ውስጥ «ጋሼ፣ ዘይት ይግዙልኝ» ያላቸው ሰው ሁሉ መልሳቸውን ያውቃል፤ «ለድስት ነው ለሞተር?» ይሉ ነበር። ሰው ይስቃል፤ እሳቸው ግን አይስቁም።

በጣሊያን ጊዜ የጦሩን የናፍጣ መኪናዎች እንዲጠግኑ ተቀጥረው ነበር። የሞተር ዘይት በሁለት ጣታቸው አሽተው ይለያሉ። ለቆላ ወፍራሙ ነው የሚሻለው፤ ቀጭኑ ሙቀት ሲመታው ውሃ ይሆንና ብረት ከብረት ያፋጫል ይሉ ነበር።

አንድ ጠዋት አንድ መኮንን ቀወት ያለውን የእናታቸውን መንደር ሊያቃጥል ወታደር ጫነ። በአስተርጓሚ «ዘይት ጨምርበት» አላቸው። ጋሼ የነበረውን አፍስሰው ሞተሩን በኑግ ዘይት ሞሉት።

መኪናው መንገድ ላይ ቀረ፤ የመንደሩ ሰውም ሸሽቶ ተረፈ። ጋሼን ሲገርፏቸው «ዘይት ጨምር አላችሁኝ፣ ጨመርኩ። እኛ አገር ዘይት ይሄ ነው» አሉ እንጂ ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ያዳናቸው የመኮንኑ ንቀት ነው፤ ሐበሻ ምን ያውቃል ብሎ አባረራቸው።

አንድ ቀን «ጋሼ፣ በዚያ ሥራዎ አይኮሩም?» አልኳቸው።

«የእናቴ አገር ተረፈልኝ» አሉኝ ጣታቸውን እያሹ። «ሞተሩ ግን ምን አደረገኝ?»

ትናንት ለናፍጣ መኪናዬ ልገዛ መለዋወጫ ሱቅ ገባሁና «ዘይት ስጠኝ» አልኩት። ባለሱቁ ምንም ሳይጠይቀኝ አውርዶ ሰጠኝ። እኔ ግን ጥያቄውን እየጠበቅኩ ቆሜ ቀረሁ።