ዝናሽ ያላየችው ቴአትር

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለወንድሜ አልነገርኩም፤ ልነግራት ለሚገባት ለዝናሽማ ከቶ አልደፈርኩም። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው። ይህም ራሱ ፈሪነት መሆኑን አውቃለሁ።

ዝናሽ የወንድሜ ሚስት ነበረች። እዚህ እስራኤል፣ ክርያት ቢያሊክ በምትባል ከተማ፣ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም፤ ከፋብሪካ ገብቶ፣ በልቶ፣ ዝም ብሎ የሚተኛ ሰው ነው። አንድ ቀን አብረን በአውቶቡስ ወደ ሃይፋ ስንመለስ ሌላ ሰው እንደምትወድ ነገረችኝ። ክርያት አታ የሚኖር፣ ሚስቱን የፈታ ሰው ነው። ለእሱ የምትደውልበትን ስልክ በፌስታል ጠቅልላ ጤፍ ዱቄት ባልዲ ውስጥ እንደምትደብቀው ስትነግረኝ ሁለታችንም ሳቅን። "ከአንቺ ሌላ የሚያውቅ የለም፣ እህቴ" አለችኝ። ለማንም እንዳልናገር ማልኩላት።

ያኔ ዩኒቨርሲቲ ቴአትር አጠና ነበር፤ ለመመረቂያ ተውኔት መጻፍ ነበረብኝ። ሰው ፊት አንገቴን የምደፋው እኔ፣ ወረቀት ላይ ግን የማላፍር ሆኜ ተገኘሁ። የዝናሽን ጻፍኩት። ስሟን ቀየርኩ፣ ሥራዋን ቀየርኩ፣ ባልየውን ወታደር አደረግሁት። ባልዲውን ግን አልቀየርኩም። ለምን? ጥሩ ትዕይንት ስለሆነ። ሌላ ምክንያት የለኝም። ደግሞስ ተውኔቱ በዕብራይስጥ ነው፤ ማን ያውቅብኛል አልኩ።

ቴአትሩ የታየ ዕለት ዝናሽ ሥራ ላይ ነበረች፤ ወንድሜም እንዲህ ያለ ነገር አይወድም። እናቴ ብቻ ነጠላዋን አጣፍታ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። ዕብራይስጥ አትሰማም። ከልጅነቴ ጀምሮ ሐኪም ዘንድም፣ ትምህርት ቤትም የማስተረጉምላት እኔ ነኝ። መምህርቷ ወንድምሽ ሰነፍ ነው ስትል፣ እኔ "ጎበዝ ነው፣ ወሬ ብቻ ያበዛል" እያልኩ ነው ያደግሁት። ማለሳለስ እችልበት ነበር። መዋሸት እችልበት ነበር።

ተዋናይቷ ባልዲውን ከፍታ ስልኩን አወጣች፤ ዱቄቱን በቀሚሷ ጠርጋ ደወለች። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። እናቴ በክርኗ ጎሸመችኝ።

"ሰው ሁሉ ይስቃል፤ እኔ ምን፣ ግድግዳ ነኝ? ማንን ነው የምታናግረው?"

እህቷን ነው ማለት እችል ነበር። እናቷን ነው ማለት እችል ነበር። ግን ሰው በጻፍኩት እየሳቀ ነበር፤ እናቴም እንድትስቅ፣ በእኔ እንድትኮራ ፈለግሁ።

"ውሽማዋን" አልኳት።

አልሳቀችም። መድረኩን እያየች ቀስ ብላ፣ "እኔም እኮ ዝናሽ ቤት፣ ዱቄት ባልዲው ውስጥ ስልክ አግኝቼ ነበር። ልጆቹ ናቸው የከተቱት ብላኝ..." አለች። ከዚያ በኋላ ተዋናይቷ ምን አለች ብላ አልጠየቀችኝም።

ሽማግሌዎች ቲራት ካርሜል፣ ወንድሜ ቤት ተቀመጡ። እናቴ "ስልኩን ያገኘሁት እኔ ነኝ" አለች፤ ቴአትሩን አላነሳችም። እኔን መሸፈኗ ነበር። እኔስ? ለሽማግሌዎቹ ውኃ አቀረብኩ። ዝናሽ አልካደችም። አቀርቅራ "እውነት ነው" አለች። ተፋቱ። ልጆቹ ሰንበትን አባታቸው ዘንድ፣ ሌላውን ቀን እናታቸው ዘንድ ናቸው፤ ትንሿ ሲወስዷት ማልቀሷን ትታለች፣ ይህ ደግሞ ይብሳል። የክርያት አታው ሰውዬም አላገባትም። እኔ ተመረቅሁ። መምህሮቼ ተውኔቱ እውነት እውነት ይላል ብለው አመሰገኑኝ።

በቅርቡ ልጠይቃት ሄጄ ነበር። እጄን ይዛ "ከእናንተ ቤት ያልከዳሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ" አለችኝ። "ተይ እንጂ" አልኳት፣ እንደ ትሑት ሰው።

"ያ ቴአትርሽስ? ሳላየው ቀረሁ እኮ። እንደገና ሲታይ ትጠሪኛለሽ፣ ቤሰደር?"

"ቤሰደር" አልኳት፤ እሺ ማለቴ ነው። ጉንጬን ሳመችኝ፤ እኔም ተሳምኩ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። እሷን ይቅርታ ለመጠየቅ ደግሞ መጀመሪያ ልነግራት ይገባል። ብነግራት የቀረኝ የምትለውን አንድ ሰው አሳጣታለሁ፣ ስለዚህ ዝም ማለቱ ይሻላታል እያልኩ ራሴን አባብላለሁ። ውሸቴን ነው። የምፈራው መወደዴ እንዳይቀርብኝ ነው።