አባቴ የመሰከረላት ዓይን

ባጃጅ ማዞሪያው ጋ አባቴ ባርኔጣውን አንስቶ እንደ እንግዳ ሰው «ደህና ዋሉ?» አለኝ። በመካከላችን ሁለት እርምጃ ቢሆን ነው። ድምፄን ቢሰማ ያውቀኛል። አንገቴን ነቅንቄ አለፍኩ። መንገድ ላይ ማልቀስ አልወድም።

ከሁለት ዓመት በፊት በዓይን ሕክምና ዘመቻ፣ የቀረችው አንድ ዓይኑ ሞራዋ ተገፎ ሌንስ ተተክሎላት ነበር። ፋሻው በተፈታ ሳምንት ቤተ ክርስቲያን ቆሞ መሰከረ፤ «ጌታ ዓይኔን አበራ!» አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። ስለ ሐኪሞቹ አንዲት ቃል አልወጣውም። እኔ በሸቅኩ፣ እሱ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ የሰፈሩ ተአምር ሆነ።

እናቴ የለችም፤ ወንድሜ አዲስ አበባ ነው። ቤቱ ውስጥ ያለነው እኔና አባቴ ብቻ ነን። አስረኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ አልመጣልኝም፤ ቀኑ አልገፋ ይለኛል። አብሮኝ የሚበላው ሰው እንደማያየኝ እንኳ ያወቅኩት መንገድ ላይ ነው።

ጤና ጣቢያ ሄጄ ነርሷን ጠየቅኩ።

«ከሌንሱ ኋላ ያለው ስስ ከረጢት ጎሽቶ ይሆናል» አለችኝ። «የራሱ ሴሎች እየተባዙ ይጋርዱታል። ሴሎቹ እንዳይለጠፉበት ፊቱ በስስ ነገር የተሸፈነ ሌንስም አለ። የእሱ የትኛው እንደሆነ አላውቅም። ደግሞ ቢሸፈንም አንዳንዴ መጉሸቱ አይቀርም።»

«እንደገና ሊቀደድ ነው?»

«ኧረ! በጨረር ነው፤ ጥቂት ደቂቃ ነው። ማሽኑ ግን እዚህ የለም፤ ሀዋሳ ነው።»

ማታ ራት ላይ የተቀቀለ ጎደሬውን፣ ቦይናውን፣ በዳበሳ ሲያነሳ አየሁት።

«አባባ፣ አይታይህም።»

«ማን ነው ያለሽ?»

«ዛሬ ባርኔጣ ያነሳህላት ሴት እኔ ነኝ።»

ቦይናውን መልሶ ሳህኑ ላይ አስቀመጠ።

«ጌታ አበራ ብዬ፣ አሁን ጠፋ ልበል?»

«ከሌንሱ ኋላ ጎሸ በላ።»

«አቤት ምላስሽ!»

«እስከ እሁድ ካልተናገርክ ቤተ ክርስቲያን እኔ እነሳለሁ።»

አራት ቀን አላናገረኝም።

እሁድ ቤተ ክርስቲያን ተነሳ። «ወገኖች፣ ዓይኔ እንደገና ደክማለች። ከተተከለልኝ ሌንስ ኋላ ነው የጎሸው። ደብቄያችሁ ነበር። ነገ ሀዋሳ እሄዳለሁ።»

 ኋላ ከሴቶቹ ወንበር፣ በዚያው ዘመቻ የታከሙ አንዲት አሮጊት «እኔም አይታየኝም፤ ጥለኸኝ እንዳትሄድ!» አሉ። አንድ ሽማግሌም እጃቸውን አወጡ።

ሰኞ ሚኒባስ ውስጥ ሦስቱ አንድ ወንበር ላይ ተጣብበው በወላይትኛ ይሟገታሉ፤ ማን ማንን በስህተት ሰላም እንዳለ። አሮጊቷ የጎረቤታቸውን አህያ ጤና ጠይቀዋል። አባቴ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከእኔ ጋር አንድም ቀን እንዲያ ስቆ አያውቅም።

አጠገባቸው ቦታ ስላልነበረ ጋቢና ተቀመጥኩ። ቦዲቲን ስናልፍ ሹፌሩ በመስታወት አያቸውና «ዘመዶችሽ ናቸው?» አለኝ።

«አንዱ አባቴ ነው» አልኩት።