ጋሽ ሞላና የጳጳሳቱ ግንብ

ሐርጌሳ፣ ኮድቡር ሰፈር ውስጥ ግቢ ተጋርተን በኪራይ ስንኖር፣ ልጅ ሳለሁ፣ መብራት በጠፋ ምሽት ሁሉ ጎረቤታችን ጋሽ ሞላ ኩራዙን ለኩሶ ስለ ጳጳሳቱ ግንብ ያወራልን ነበር። ጋሽ ሞላ ግንበኛ ነው። ለሥራ ወደዚህ ከመምጣቱ በፊት፣ በተወለደባት ትንሽ ከተማ ያለውን ያን የጥንት ግንብ ከሚጠግኑት ጋር ሠርቷል። ያኔ ከእጁ የኖራ ሽታ አይጠፋም፤ የከሰሉ ፍም ፊቱን ሲያቀላው እኔና እህቴ ጉልበታችንን አቅፈን እናዳምጠዋለን።

የመጀመሪያው ጳጳስ ከግብፅ መጥተው ብርዱን ስላልቻሉት ወፍራም ግድግዳ አስገነቡ። ሁለተኛው ማማ ጨመሩበት። ሦስተኛው፣ ጦርነት በመጣ ጊዜ፣ በሩን ለከተማው ሰው ከፈቱ፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከነከብቱ ገባ።

ጅግጅጋ ያደጉት የግቢው ባለቤት ሐጂ አንድ ምሽት አቋረጡት። «ወላሂ ሞላ፣ ባለፈው የገባው ፍየል ብቻ ነበር። ዛሬ በሬ ጨመርክ!»

«ፍየሉ የአባቶቼ ነው፣ ሐጂ። በሬው የእኔ።» ሳቀና ወደኛ ዞረ። «አሮጌ ግንብ ስንጠግን አዲሱን ድንጋይ አንድ ጣት ያህል ወደ ውስጥ ገባ እናደርገዋለን። የቀደመው ሰው ሥራ ከእኛ እንዳይቀላቀል።»

ኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የመመረቂያ ጽሑፌን በዚያ ግንብ ላይ ሠራሁ። አማካሪዬ በራሱ ስም መጽሐፍ አድርጎ አሳተመው። ብጮህ የሰማኝ የለም። ይቅር ብያለሁ ብዬ አልዋሽም።

ባለፈው ዓመት የተሰረቅሁትን አንድ በአንድ ላሰምርበት የእኔን ጽሑፍና የእሱን መጽሐፍ ጎን ለጎን ዘረጋሁ። ሦስተኛው ጳጳስ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ቃሉ የጋሽ ሞላ ነው፤ በሬው እንኳ እንደ እውነተኛ ታሪክ ተጽፏል። በእኔ ጽሑፍ ውስጥ ግን ስሙ የለም። «የአካባቢው አዛውንቶች እንደሚሉት» ብዬ አልፌዋለሁ።

ጋሽ ሞላ አሁን ጋአን ሊባህ በሚባለው የሐርጌሳ ሰፈር ከልጁ ጋር ይኖራል። እንዳይቀየመኝ እየፈራሁ ሄጄ፣ ታሪኩን ያለ ስሙ እንደጻፍኩትና አሁን ስሙን ላስገባ እንደምፈልግ ነገርኩት።

«በሬውንም?» አለኝ።

«በሬውንም፣ ጋሼ።»

«አንተ ልጅ! ያ ሁሉ ምሁር አንድ በሬ አላየም?» እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠረገ። «ስሜን ስትጽፍ» አለ፣ «የአባቴንም ጨምርበት።»

የአማካሪዬ ነገር ዛሬም ያመኛል። ለጋሽ ሞላ ያለኝ ምስጋና ግን ከሕመሙ ይበልጣል። ከእነዚያ ምሽቶች የተረፈኝ የግንቡ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ የበደሉኝን በደል እኔም ፈጽሜው ስገኝ፣ ሄጄ የምናዘዝበት ቤት ነው።