የአባቴ ዓሣ ማጥመጃ ፍተሻው ላይ

ባለፈው ሰኞ ጠዋት... ላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ፍተሻው ፊት ቆሜያለሁ። ማረፊያ ስላችሁ ትልቅ ሕንፃ እንዳይመስላችሁ። ጠጠር የፈሰሰበት ሜዳ፣ የቆርቆሮ ዳስና አንድ ጠረጴዛ ነው። ጠረጴዛው ላይ የአባቴ ዓሣ ማጥመጃ ተዘርግቷል። ከወዲያ ፈታሹ ወታደር፣ ከወዲህ እኔ... ሰው ትኩር ብሎ ሲያየኝ ምላሴ የሚተሳሰረው።

ዕቃው የአያቴ ነበር። ከጣሊያን በፊት ተከዜ ዳር ሰፍሮ የነበረ አንድ ፈረንጅ ትቶለት የሄደው ነው ይባላል። የሚገጣጠም የቀርከሃ ዘንግ አለው፣ ክሩን የሚጠቀልል የናስ መዘውር አለው። መዘውሩ ሲዞር ጠጠጠጠ... ይላል።

አባቴ ግንበኛ ነው። ባሕር ዳር ለሥራ ሄዶ ከግንብ ላይ ወደቀና እግሩ እንዳልነበረ ሆነ። ከእንግዲህ መሰላልም አይወጣ፣ ታንኳም አይቀዝፍ። «ሐይቁ ዳር ተቀምጬ ሩቅ ልወረውረው የምችለው የአባቴን ዕቃ ብቻ ነው። ልጄ ስትመጣ ይዛልኝ ትምጣ፣ እንጀራዬ እሱ ነው» ብሎ ላከ። የመኪናው መንገድ በጦርነቱ ስለተዘጋ በአውሮፕላን መሄድ ግድ ሆነ።

እናቴን ያስጨነቋት መንጠቆዎቹ ናቸው። አውሮፕላን ላይ ስለት አይገባም ሲባል ሰምታለች። የሴት አያቴ ክታብ ጽሑፉ አርጅቶ አልቆ ባዶው የቆዳ ማኅደር ቀርቶ ነበር። መንጠቆዎቹን በጨርቅ ጠቅልላ እዚያ ውስጥ ከተተችና አፉን ሰፍታ አንገቴ ላይ አሰረችልኝ።

«ወታደርም ቢሆን እናት የወለደችው ነው። ክታብ አይነካም» አለችኝ።

እንግዲህ ፈታሹ መዘውሩን አነሳና አዞረው። ጠጠጠጠ...

«ይሄ የመገናኛ ሬዲዮ ነው» አለ።

«ዓሣ...» አልኩ። ከዚያ በላይ አልወጣልኝም።

«የምን ዓሣ?» አለና በአገጩ ወደ አሸተን ተራራ አመለከተኝ። «እዚያ ላይ ነው የምታጠምዱት?»

ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ። አንድ የኩልመስክ ነጋዴ፣ «ያጣሩ እንጂ ጓድ፣ ዓሣው አቧራው ውስጥ ይዋኝ ይሆናል» ሲል ይባስ ሳቁ። እኔ መሬቱን አየሁ።

አምሳ አለቃው ተጠርቶ መጣ። ዘንጉን ገጣጠመና ወደ ሰማይ አቆመው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያን ጊዜ ለእኔም አንቴና መሰለኝ።

«ዓሣ ማጥመጃ ከሆነ መንጠቆው የታለ?» አለኝ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? አንገቴ ላይ ነው ብል ስለት ደብቃ ተገኘች እባላለሁ። ዝም ብል ሬዲዮ ሆኖ ይወረሳል፣ እኔም አብሬው እቀራለሁ። አባቴ ሐይቁ ዳር ባዶ እጁን ሲቀመጥ ታየኝ። አውሮፕላኑ ደግሞ ከተራራው ጀርባ ሲያጓራ ይሰማል።

አንገቴን አሳየሁት።

«እኔ በክታብሽ ማይልኝ አላልኩሽም» አለ።

«እዚህ... ውስጥ ነው።»

አምሳ አለቃው ፈታሹን ዞር ብሎ አየው። «ክፈተው።»

ፈታሹ እጁን ወደ ኋላው ወሰደ። «ጓድ አምሳ አለቃ፣ እኔ ልጆች አሉኝ።»

«ይሄ ኋላ ቀር አመለካከት ነው ጓድ።»

«እንግዲያው እርስዎ ይክፈቱት።»

አምሳ አለቃው ክታቡን አየ፣ ሰልፉንም አየ። ሰልፉ ውስጥ ጥምጥማቸውን ያሳመሩ አንድ መሪጌታ ነበሩ። «መሪጌታ፣ ይሄ የእርስዎ ሙያ ነው። ይክፈቱልን» አላቸው።

መሪጌታው ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «እኔ ሌላ እጅ የቋጠረውን አልፈታም። ምን እንዳሰረበት በምን አውቃለሁ?»

«እንግዲያው ራስሽ ክፈቺው» ተባልኩ።

ስፌቱን በጥርሴ በጠስኩት። ጨርቁን ፈታሁ። የዛጉት መንጠቆዎች መዳፌ ላይ ተዘረገፉ። ማስረጃዬ ይኸው ብዬ እጄን ዘርግቼ ቀና ስል... የሚያየኝ ሰው የለም። መሪጌታው ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ያማትባሉ። ያ ሲስቅብኝ የነበረ ነጋዴ ኩታውን ፊቱ ላይ ጥሎ «ቢስሚላሂ» ይላል። ፈታሹ የወደቀበትን ነገር እንደሚፈልግ ሰው ጠረጴዛው ሥር ገብቷል። አምሳ አለቃው ዓይኑን ሜዳው ላይ ተክሎ ቆሟል።

«አየሁት» አለ፣ ሳይዞር።

«አላዩትም... ይዩት እንጂ፣ መንጠቆ ነው» አልኩ። ለወታደር አፌን ሞልቼ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

«አየሁ አልኩሽ እኮ። ዝጊው። ዕቃሽን ሰብስቢና ግቢ።»

አውሮፕላኑ ውስጥ ሰው ሁሉ ተጠጋግቶ ሲቀመጥ ከእኔ ጎን ያለው ወንበር ባዶውን ቀረ። ከተነሳን በኋላ መሪጌታው ከኋላዬ አንገታቸውን አስግገው በሹክሹክታ፣ «ልጄ... እንዲህ የሚያስፈራውን ማን ነው ያዘጋጀልሽ?» አሉኝ።

«እናቴ ናት» አልኩ።

እያማተቡ ወደ ኋለኛው ወንበር ተሻገሩ።

አባቴ አሁን እግሩን ድንጋይ ላይ ዘርግቶ ሐይቁ ዳር ይውላል። መዘውሩ ጠጠጠጠ ሲል ከሩቅ ይሰማኛል። «ፈታሾቹ መንጠቆዎቹን ሲያዩ ምን አሉሽ?» እያለ ደጋግሞ ይጠይቀኛል። ምን ልበለው... እስከ ዛሬ ከቤተሰባችን ውጭ መንጠቆዎቹን ያየ ዓሣ ብቻ ነው።