በምሰሶው ወገብ ላይ የቆሙት አይጦች

የርብ ወንዝ በሞላ ቁጥር ከቁሐር ሚካኤል መንደር ሰው ሁሉ ቀድሞ ከብቱን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ የሚያወጣው አንለይ ነበር። ምስጢሩን ሲጠይቁት ይስቃል እንጂ አይናገርም። ምስጢሩ አይጥ ነው። ከጎታው ሥር የሚኖሩት ሆደ ነጭ አይጦች ውሃው ሳይመጣ ያውቁታል። ምሰሶውን ይዘው እስከ ክዳኑ ሣር ሲወጡ ካየ፣ እግራቸው የከዳቸውን እናቱን ገላነሽን አዝሎ ይወጣል። ከእሱ በቀር ማንም የላቸውም።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳዎቹ መጀመሪያ ወረታ ከተማ ላይ የጭነት መኪና በዛ። ከጆንያው ጋርም ሌላ አይጥ መጣ፤ ሆዱ ዐመድማ፣ ጅራቱ ረጅም፣ ሰው የማይፈራ። በየዓመቱ አንድ አንድ መንደር እያለፈ ወደ ሜዳው ወረደ።

"አንለይ፣ እነዚህ አይጦች ዐይኔን እያዩ ነው የሚበሉ" አሉ እናቱ አንድ ቀን። "ከወረታዎቹ ጋር ተዋልደው እንዳይሆን።"

"የእኛው ናቸው እምዬ። ሆዳቸው ነጭ ነው።"

ጅራታቸው መርዘሙን አይቷል። ማየት ስላልፈለገ ግን ተወው።

በነሐሴ አንድ ማለዳ ዝናቡ አባርቶ ሜዳው ጭጭ አለ። እንቁራሪት እንኳ አይሰማም። አይጦቹ ወጥተው ምሰሶውን ያዙ። አንለይ ማዘያውን ሲያነሳ ግን አይጦቹ በሰው ቁመት ልክ ላይ ቆሙ። ወደ ላይም ወደ ታችም ሳይሉ ቁልቁል ያዩት ጀመር።

"ወጡ ወይ ልጄ?"

"መካከል ላይ ቆሙ።"

"እንግዲያ አዝለኝና እንሂድ።"

"ትንሽ እንይ። ከወረዱ በዚህ ጭቃ በከንቱ አላንገላታዎትም።"

እናቱ ልጃቸውን ያምኑታል። እሱም አንጋጦ ጠበቀ። ውሃው በበሩ ሥር ድምፅ ሳያሰማ ገባ። አዝሏቸው ሲወጣ ውሃው ደረቱ ደርሶ ነበር። ጉብታው ላይ ሲደርስ ጀርባው ላይ የቀረው እርጥብ ማዘያ ብቻ ነው።

በማግስቱ ውሃው ሲጎድል ወደ ቤቱ ገባ። አይጦቹ እዚያው ናቸው፤ አንዳቸውም አልረጠቡም። ውሃው የደረሰበት የጭቃ መስመር ከእግራቸው በታች አንድ ስንዝር ላይ ቆሟል። ውሃው የት እንደሚደርስ አውቀው ነበር። የወጡት የሚበቃቸውን ያህል ብቻ ነው።

አንለይ ባዶውን መደብ እያየ አለቀሰ። አንደኛው አይጥ ረጅም ጅራቱን እየጎተተ፣ ከእሱ ሳይሸሽ፣ በአጠገቡ ቀስ ብሎ ወደ ጎታው ወረደ።